ቀጭኗ ጥቁር

ከአራት ኪሎ ሐውልት ትንሽ ገባ ብሎ፣
ከጽዱ ጥላ ሥር ደረጃው ቆልቁሎ፣
አንዲት ምድር ቤት አለች፤ ክረምቱ ሲገባ
በሯ የሚያብጥባት፣ ጣራዋ የሚያነባ።
እኔና ሽመክት እዚያች ውስጥ ከርመናል፤
«ፊልም እንሠራለን» ስንል ይሳቅብናል፤
«ተዋናይዋ ማናት? መቼ ይመረቃል?»
ይላል ሻይ ሻጩ ልጅ፣ ብርጭቆ ያለቃልቃል።

ተዋናይም የላት፣ አልባሳትም የላት።
አንዲት የራስ ፀጉር ሁለት መቶ ብትከፍላት
አንዱ ስንጣሪ ነው የእሷ ሙሉ ቁመት፤
ጥቁር ናት፣ ፊት የምታሳይ፣ ልክ እንደ መስታወት።
ካደገች፣ ከሰመረች፣ ማጣሪያ ነው ዕጣዋ፦
ከከተማው ሁካታ፣ ከሺው ሞገድ መሐል፣
አንዱን ለይታ መስማት፣ ሌላውን ከደጇ
መመለስ ነው ሥራዋ።

ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብ ተለውሶ፣
በሌዘር ብልጭታ ከገጹ ተልሶ፣
ሐምራዊ ነበልባል ሆኖ ይወጣና
ከጋለች ጠጠር ላይ ያርፋል እንደ መና።
ስምንት መቶ ዲግሪ ሙቀቱ ሲጠጋ
ቅንጣት በቅንጣት ላይ ይቆማል ሳይናጋ፤
ፒያሳ ማዶ እንደሚወጣው ያለ ፎቅ፣
ግን ፎርማን ሳይጮህ፣ ባሕር ዛፍ ሳይታጠቅ።
አንዲቷ ብቻዋን ገደድ ካለች ታዲያ፣
ሌላው ቀጥ ብሎ፣ እሷ ወደ ወዲያ፣
ማይክሮዌቭ ሞገዱ እዚያ ይደናቀፋል፤
ያዘለው መልእክት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።
(በሰው ዘንድም አለ፤ ለዛሬ ይታለፋል።)

መሥራቱስ ይሠራል፣ ማብረዱ ነው ጭንቁ፤
ይህን የቀመሱ ናቸው የሚያውቁ።
ቀስ ብላ ካልበረደች፣ ኦክስጅን ካላገኘች፣
ያው ቀለሟ ጥቁር፣ ያው መልኳ፤ ግን የሞተች።

ተክለ ሃይማኖት ወረድኩ፣ ሲሊንደር ልገዛ፤
«ሕመምተኛው ማነው?» አሉኝ በለዘዘ ለዛ
ሐጂ ሙዘይን።
«አንዲት ቀጭን ጥቁር» አልኩኝ ሳላመዛዝን።
እስክሪብቶው ቆመ። ፊታቸው ላይ ሐዘን።
«አላህ ያሽርልሽ» ብለው መቶ ብር ቀነሱ፤
እውነቱን ልነግር ስል ደንበኞች ደረሱ።
መቶ ብሩ ኪሴ ውስጥ ከረመ።

ከቃሊቲ መጣ ፈሳሽ ናይትሮጂኑ፣
የኮርማ ዘር የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው ያዘኑ።
ሚኒባስ ውስጥ ጢሱን አይቶ ረዳቱ፣ «ይፈነዳል?»
«አይ፣ ብርድ ነው።»
«ብርድማ የሁለት ሰው ይከፍላል።»

ያን ማክሰኞ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ግድም፣
ስትበርድ እያየን፣ ሳንናገር አንድም፣
መብራት ሄደ።
ሄደ እንላለን፣ እንደ ሰው፣ እግር እንዳለው፣
ስንቴ በር ከፍተን ይመጣል ያልነው።
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለው። ፓምፑ ቃተተ፣
ቃተተና ተወ።
ሽመክት ስልኩን አበራ። ቫልቩን በእጄ ያዝኩ፤
ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ፤ «ሳቢ፣ ተንፍሺ» አልኩ።
እስኪነጋ።

ጠዋት ወደ ብርዱ በቀስታ አወረድናት፤
መስመሩ ቁልቁል ሄደ፣ ትንፋሽ ይዘን ስናያት።
መቶ ኬልቪን። ዘጠና። ዘጠና ላይ አልወደቀም፤
ልባችን ወደቀ እንጂ።
ሰማንያ አራት ላይ
ገደል! ዜሮ። ምንም።
ተሸላሚ አይደለችም። ግን ክፍል አልደገመችም።

ሽመክት ኮሪደሩን ሮጠ፣ «ተቃውሞው ጠፋ!» እያለ፤
ጥበቃው ጋሽ ኡርጌሳ ከወንበሩ ዘለለ፣
ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«ድሮስ የት ነበረ? ዝም በል። ያስጠይቃል ነገ።»

ከሰዓት ተክለ ሃይማኖት፣ መቶ ብሩን ይዤ።
ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እንዴት ናት?»
«ተሻላት» አልኩ። «ትተነፍሳለች።»
«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «ብቻ ብርድ እንዳይመታት።»